ከትብብር ማዕቀፉ እስከ መስኖ ቦዩ፦ የናይል ተፋሰስ ስምምነት ለውሃ ተጠቃሚው ዜጋ ምን ማለት ነው?

የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ከጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ መዋሉ ይታወቃል። ይህ ዜና የዲፕሎማሲ ጉዳይ ተደርጎ ሲነገር ቢቆይም፣ በጣና ዙሪያ ሩዝ የሚያመርት፣ በበለስ ሸለቆ የሚያለማ ወይም በባሮ ዳር ከብት የሚያጠጣ ዜጋ «ይህ ስምምነት ለእኔ ምን ያመጣል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የስምምነቱን አመጣጥ፣ ከፊቱ የተደቀነውን ዋነኛ ጥያቄና ከአገር ውስጥ የውሃ አስተዳደር ጋር ያለውን ትስስር ለተገልጋዮች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ስምምነቱ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ለበርካታ አሥርት ዓመታት የናይልን ውሃ በሚመለከት ሲጠቀስ የኖረው ሰነድ ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. የተፈራረሙት ስምምነት ነው። ሰነዱ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በየዓመቱ መድቧል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ የሚመነጭባት ኢትዮጵያም ሆነች ሌሎቹ የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ግን በድርድሩ አልተካፈሉም።

አገሮቹን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያገናኘው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ የተመሠረተው የካቲት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. በዳሬሰላም ነው። በዚሁ ጥላ ሥር ለዓመታት የተካሄደው ድርድር የወለደው የትብብር ማዕቀፍ ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. በኢንቴቤ ለፊርማ ክፍት ሲሆን ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ በዕለቱ ፈርመውታል። ኬንያ በቀናት ልዩነት፣ ቡሩንዲ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ተከትለዋል። ሰነዱ በሥራ ላይ እንዲውል ስድስት አገሮች ሊያጸድቁት ይገባ ስለነበር፣ ደቡብ ሱዳን በ2016 ዓ.ም. ስድስተኛ ሆና እስክትቀላቀል ድረስ አሥራ አራት ዓመታት አልፈዋል።

የስምምነቱ ምሰሶዎች ሁለት ናቸው፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም እንዲሁም በሌላው አገር ላይ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ። ይሁንና አንድ አንቀጽ ሳይቋጭ ቀርቷል። አንቀጽ 14(ለ) ስለ ውሃ ዋስትና ሲደነግግ፣ ግብፅ «ነባር አጠቃቀምና መብት» የሚል ሐረግ እንዲካተት በመጠየቋ ጉዳዩ በአባሪነት ተይዞ ወደፊት የሚቋቋመው የናይል ወንዝ ተፋሰስ ኮሚሽን እንዲፈታው ተላልፏል። ግብፅና ሱዳን ማዕቀፉን አልፈረሙም፤ እንደማያስገድዳቸውም አስታውቀዋል። በመሆኑም ስምምነቱ በሥራ ላይ ቢውልም፣ ከወንዙ በመስኖ ከፍተኛውን ውሃ የሚጠቀሙት ሁለቱ አገሮች ከማዕቀፉ ውጭ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

የሚቀጥለው ጥያቄ የእርሻ ጥያቄ ነው

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅምና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የመያዝ ችሎታ አለው። ሆኖም ውሃ ተርባይን አዙሮ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ በትነት ከሚባክነው በስተቀር የታችኛው አገር የሚደርሰው መጠን አይጎድልም። መስኖ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለሰብል የሚለቀቀው ውሃ በአብዛኛው በተክሉና በአፈሩ በኩል ወደ አየር ስለሚተን፣ ወደ ወንዙ የሚመለሰው ከፊሉ ብቻ ነው።

ስለዚህም የተፋሰሱ ሕዝብ እየጨመረ፣ ዝናቡም በወቅቱ መምጣቱን እያጓደለ በሄደ ቁጥር ከኃይል ማመንጫ ይልቅ የእርሻ ውሃ የድርድሩ ማዕከል መሆኑ አይቀርም። የግብፅ እርሻ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በመስኖ የተመሠረተ ነው፤ በሱዳንም ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የሚለማው የጀዚራ እርሻ ወደ 900 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ አርሶ አደር በአብዛኛው የክረምትን ዝናብ ጠባቂ ነው። ዝናብ አንድ ወር ሲዘገይ አዝመራው የሚጠፋበት ገበሬ ውሃ ይገባኛል ማለቱ የህልውና ጉዳይ ነው፤ የካርቱምና የካይሮ ገበሬ ሥጋትም እንዲሁ። ለሁለቱም መልስ የሚሰጥ ሥርዓት መገንባት ከኮሚሽኑ የሚጠበቅ ከባድ ሥራ ነው።

የሴኔጋል ወንዝ ተሞክሮ

በዚህ ረገድ ከምዕራብ አፍሪካ የሚቀሰም ትምህርት አለ። ማሊ፣ ሞሪታኒያና ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1972 የሴኔጋል ወንዝ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ፤ ጊኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀላቅላለች። ማሊ ውስጥ የሚገኘው የማናንታሊ ግድብ የአገሮቹ የጋራ ንብረት ሲሆን፣ ከሚመነጨው ኃይል ማሊ 52፣ ሴኔጋል 33፣ ሞሪታኒያ 15 በመቶ ይደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው የውሃ ቻርተርም ለየአገሩ ቋሚ የሜትር ኩብ ድርሻ አልመደበም። ይልቁንም ውሃው ለመጠጥ፣ ለእርሻ፣ ለኃይልና ለሌሎች አገልግሎቶች እንዴት እንደሚደለደል በጋራ የሚመክር ቋሚ አካል እንዲኖር አድርጓል።

ይህ ሥርዓት ያለ ዋጋ አልመጣም። በወንዙ ሸለቆ የግጦሽና የእርሻ መሬት ይገባኛል ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1989 በሞሪታኒያና በሴኔጋል መካከል ደም ያፋሰሰ ግጭት አስነስቷል። ጎርፉ ሲጎድል ለሚተወው እርጥብ መሬት፣ በጣና ዳር «ባሕር ሸሽ» ለሚባለው ዓይነት እርሻ፣ የሚበቃ ጎርፍ ከግድቦቹ በኋላ ቀንሷል። የቢልሃርዝያ በሽታም ተስፋፍቷል። በመስኖ ይለማል ከተባለው 375 ሺህ ሄክታርም ለረጅም ዓመታት የለማው ከግማሽ በታች ነበር። ድርጅቱ ግን አልፈረሰም። ከዚህ የምንረዳው የጋራ ተቋም ግጭትን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም ከግጭት በኋላ መመለሻ ቤት እንደሚሆን፣ የግድብ ዕቅድም በወንዙ ዳር የሚኖረውን አነስተኛ ገበሬ ከመጀመሪያው ማካተት እንዳለበት ነው።

መርሁ ወደ ቀበሌ ሲወርድ

ፍትሐዊ አጠቃቀምና ጉዳት አለማድረስ የሚሉት መርሆች በአገሮች መካከል ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። በበጋ ወራት ከአንድ ጅረት ላይ ከራስጌ ብዙ የውሃ ሞተር ሲተከል ከግርጌ ያለው ገበሬ ቦዩ ደርቆ ያገኘዋል። «የውሃ አባት» መርጦ በተራ የሚያጠጣ ማኅበረሰብ ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ሲፈታ ኖሯል። ከጎረቤት አገሮች ፍትሕን የምትጠይቅ አገርም ይህንኑ ፍትሕ በራሷ ቦዮች ላይ ማረጋገጥ ይጠበቅባታል።

የውሃ ተጠቃሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• በኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጠዋል።

• በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም።

• የውሃ ሥራ መገንባት፣ ውሃ ማቅረብ እንዲሁም ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል መልቀቅ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል።

• በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚቋቋሙ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ኖሯቸው ውሃውን ያከፋፍላሉ፣ ቦዮችን ይጠግናሉ።

ግንባታ ለመጀመር ያሰበ ባለሀብትም ሆነ አርሶ አደር ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማመልከቻውን በየትኛው ደረጃ ማቅረብ እንዳለበት በወረዳው ከሚገኘው የውሃ ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቅ ይመከራል። ፈቃድ በሚጠይቅበት ጊዜ የውሃውን ምንጭ፣ የሚፈልገውን መጠንና ከግርጌ ያሉ ተጠቃሚዎችን በግልጽ ማሳወቁ ጉዳዩን ያፋጥናል፤ በኋላ የሚነሣን ጠብም ያስቀራል።

ለማጠቃለል ያህል፣ የትብብር ማዕቀፉ ጥያቄዎችን ሁሉ የሚመልስ ሰነድ ሳይሆን ጥያቄዎቹ በሕግ የሚነሡበትን መድረክ የሚከፍት ነው። በዚያ መድረክ ላይ አንዲት አገር የምታቀርበው ክርክር የሚጠነክረው ምን ያህል ውሃ፣ የት፣ ለምን ሥራ እንደምታውል በመረጃ ማስረዳት ስትችል ነው። ያ መረጃ ደግሞ የሚጀምረው በየወረዳው ከሚመዘገበው እያንዳንዱ ፈቃድና በየማኅበሩ መዝገብ ከሚሰፍረው የውሃ ተራ ነው።