ያረጀ «ኦሪጅናል» አትግዙ!

ትናንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ለቮልሱ «ኦሪጅናል የጀርመን» ሾክ አብዞርበር ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ፊቱ እያበራ መጣ። ያገለገለ ነው፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ዘንጉን በጨርቅ ብጠርገው ዘይት። በእጄ ብገፋው ያለ ምንም ትግል ጥልቅ! የብስክሌት መንፊያ እንኳ ከዚህ ይሻላል።

ልጆቼ፣ ሾክ አብዞርበር እኮ ቅርስ አይደለም፣ ያልቃል። ውስጡ ዘይትና ጎሚኒ ነው። የቮልስን ክብደት የሚሸከመው ቶርሽን ባሩ ነው፤ የሾኩ ሥራ ንጥረቱን መግደል፣ ጎማው ከአስፋልቱ እንዳይለቅ ማድረግ ነው። ጎማው አየር ላይ እያለ ፍሬን ብትረግጡ ምን ይይዛችኋል? ያውም ከኋላ ልጅ ጭናችሁ!

«አዲሱን ጀርመን አልሠራውም» ትሉኛላችሁ። አይሥራዋ! ከሞተ ጀርመን ደህና አዲስ ይሻለኛል። ሻጩ «የቮልስ ሁሉ አንድ ነው» ካላችሁም አትስሙት። የተራው ቮልስ የፊት ሾክ እስከ 1965 ሞዴል (በፈረንጆቹ) ሁለቱም ጫፉ ቀለበት ነው፤ ከ1966 ወዲህ ግን ላዩ በዳዶ የሚታሰር ነው። የድሮውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግራና ቀኙንም አንድ ላይ ቀይሩ።

የልጁን ቁልፍ ቀምቼዋለሁ። ተቀይሞኛል። ይቀየም።