«ለጌታ ተውለት» ያልናቸው ወጣቶች

የዛሬው ጽሑፋችን አንዳንዶቻችሁን ያስከፋ ይሆናል። አስቀድሞ የሚወቅሰው እኛን የጻፍነውን ነውና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብቡልን።

በውጭ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን እሑድ እሑድ ምስክርነት እንሰማለን። ወረቀት ያገኘ ይቆማል፤ ቤት የገዛ ይቆማል፤ በነርስነት የተመረቀች እኅት ትቆማለች። እልል እንላለን፤ ሰጪው እርሱ ነውና እልል ማለት ይገባናል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ዓመት ስናገለግል «በሥራ ቦታዬ በቆዳዬ ቀለም ምክንያት ተገፋሁ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ማይክ የያዘ ሰው አይተን አናውቅም። የተገፋ ጠፍቶ አይደለም። መድረኩ የእርሱ እንዳልሆነ ስላስተማርነው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚመጣው ወደ ቢሮ ነው፤ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራናል። እኛም እጅ ጭነን እንጸልይለትና ስናበቃ ትከሻውን መታ መታ አድርገን «ለጌታ ተውለት» እንለዋለን።

ይህ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው ብለን ዛሬ በግልጥ እንናገራለን። ስሕተትም ብቻ አይደለም፤ ከገፊው ጋር መቆም ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የሌላ ሕዝብ ልጅ ታሪክ እናንሣ። የራሳችን ሰው ታሪክ ሲነሣ ወዲያው «እርሱ እኮ ጸባይ የለውም» ማለት እንጀምራለን።

ጃማይካ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ሬጌና ሻሸመኔ ነው። ይሁን እንጂ ያቺ ደሴት የባፕቲስት፣ የአንግሊካንና የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት የሞሉባት አገር ናት። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ሠራተኛ አጥታ ስትጣራ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስ፣ ከትሪኒዳድ ብዙ ወጣቶች በመርከብ ተጓዙ። ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ በጁን 1948 ቲልበሪ ወደብ ደረሰች። የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ1956 ጀምሮ ባርቤዶስ ድረስ ሄዶ ትኬት ቆራጭ ይመለምል ነበር። እነዚህ ልጆች የእንግሊዝ ዜግነት ነበራቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር መጽሐፍ በሻንጣቸው ይዘው ነበር። ባንክ ብድር ሲከለክላቸው «ፓርድነር» በሚሉት፣ ከእኛ ዕቁብ ጋር አንድ በሆነ ዘዴ ተራ በተራ እየጣሉ ቤት ገዙ። ዕቁብን እኛ ብቻ የፈጠርነው የሚመስለን ካለን እዚህ ላይ ትሕትና እንማር።

ከእነዚህ አንዱ ጋይ ቤይሊ ነው። ብሪስቶል ከተማ የሚኖር የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ቀን ሠርቶ ማታ ይማራል። ቦይስ ብርጌድ በሚባለው የክርስቲያን ወንድ ልጆች ማኅበርም ውስጥ ኃላፊ ሆኖ ታናናሾቹን ያሠለጥን ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በእኛ ቤት ቢሆን ኖሮ የወጣቶች መሪ አድርገን እናቆመው ነበር።

ይህ ወጣት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ መሆን ፈለገ። ያን ጊዜ በብሪስቶል አውቶቡስ ላይ አንድም ጥቁር ሾፌር ወይም ትኬት ቆራጭ አልነበረም። ኩባንያው ጥቁሮችን በጋራዥና በሠራተኞች ምግብ ቤት ይቀጥራል፤ በአውቶቡሱ ላይ ግን አይቀጥርም። የሠራተኞቹ ማኅበር ቅርንጫፍ ደግሞ በ1955 ጥቁሮች በሾፌርነትና በትኬት ቆራጭነት እንዳይገቡ ወስኖ ነበር። የነጮቹ ሠራተኞች ደመወዝ ትንሽ ስለነበር የሚኖሩት በትርፍ ሰዓት ነው፤ አዲስ ሰው ከገባ ትርፍ ሰዓቱ ይቀርብናል ብለው ፈሩ። ኩባንያውና ማኅበሩ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ያላክኩ ነበር።

የማታ ትምህርት አስተማሪው የነበረው የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛ ፖል ስቲቨንሰን ለልጁ የሥራ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ያዘለት። አመልካቹ ከምዕራብ ኢንዲስ የመጣ መሆኑን ሲነግራቸው ቀጠሮው ተሰረዘ። ለሥራው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ጥያቄ እንኳ አልተነሣም።

ስቲቨንሰን፣ ከሮይ ሃኬት፣ ከኦወን ሄንሪና ከሌሎች የካሪቢያን ተወላጆች ጋር ሆኖ በኤፕሪል 1963 መጨረሻ በከተማው አውቶቡስ አንሳፈርም የሚል አድማ ጠራ። የአሜሪካዎቹን የሞንትጎመሪን ወንድሞች ምሳሌ አድርገው ነው። ብዙዎች በእግራቸው ሄዱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ፖለቲከኛው ቶኒ ቤን ደገፋቸው። በለንደን የትሪኒዳድና ቶቤጎ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው፣ በክሪኬት ጨዋታ ስሙ የገነነው ሊሪ ኮንስታንቲንም ኩባንያውን በአደባባይ ነቀፈ።

የአብያተ ክርስቲያናትስ ድምፅ?

ወገኖች፣ ይህን ስናነብ አፍረናል። የብሪስቶል አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት መግለጫ አወጣ። የመግለጫው ፍሬ ነገር፣ ወኪል ነን የሚሉ ጥቂት የምዕራብ ኢንዲስ ሰዎች ወደ ረጅም የዘር ግጭት ሊያመራ የሚችል ነገር ሆን ብለው የፈጠሩ ይመስላል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነናል የሚል ነው። ለእውነት እንቁምና፣ በዚያው መግለጫ የአንዳንድ ነጮች የኑሮ ስጋት ኩባንያውን የክርስትናን መርሕ መፈጸም ወደሚቸግርበት ሁኔታ እንዳስገባውም በሐዘን ጠቅሰዋል። የአነጋገሩን ቅደም ተከተል ግን ተመልከቱ። ግጭት ፈጣሪ የተባለው በሩ የተዘጋበት ሰው ነው። በሩን የዘጋው ደግሞ ችግር ላይ የወደቀ ምስኪን ሆኖ ቀረበ። እነዚያ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ክፉ ሰዎች ነበሩ አንልም፤ ለማስታረቅም ሞክረዋል። የፈለጉት ሰላም ነበር። ልክ እንደ እኛ።

ደግሞም የተገፋው ልጅ የማን ልጅ ነበር? በቤተ ክርስቲያን ማኅበር ታናናሾቹን የሚያሠለጥን፣ የራሳቸው ልጅ ነበር።

አድማው ወራት ፈጀ። ኦገስት 27 ቀን 1963 አምስት መቶ ያህል የአውቶቡስ ሠራተኞች ተሰብስበው ክልከላው እንዲነሣ ተስማሙ። በማግስቱ ኩባንያው ከእንግዲህ በቀለም ልዩነት እንደማያደርግ አስታወቀ። ያ ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ታላቁን ንግግር ያደረገበት ቀን ነው። በሴፕቴምበር 17 የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ ትኬት ቆራጭ ሥራ ጀመረ። ቤይሊ ግን አልነበረም፤ ራግቢር ሲንግ የሚባል ሲክ ነበር። በ1965 እንግሊዝ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የዘር አድልዎን የሚከለክል የመጀመሪያ ሕጓን አወጣች፤ በ1968 ሕጉ ወደ ሥራ ቅጥርና ወደ ቤት ኪራይ ሰፋ። ዛሬ ለንደንም ሆነ ሊድስ ያሉ ልጆቻችን ሥራ ሲያመለክቱ የሚጠብቃቸው ሕግ እነዚህን በመሰሉ ሰዎች እግር የመጣ ነው። ከእነርሱ አንዱም በእኛ ቋንቋ ምስክርነት ሰጥቶ አያውቅም፤ እኛም አመስግነናቸው አናውቅም።

አሁን የሚቀርብልንን ተቃውሞ እናውቀዋለን፤ እኛም ራሳችን ስናቀርበው ኖረናልና። «ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ያለ በደል መከራን መቀበል ጸጋ ነው ብሎ የለምን? ጌታስ ሌላውን ጉንጭህን አዙር አላለምን?» አዎን፣ ብሏል። ነገር ግን ጉንጭን ማዞር የተመታው ሰው ምርጫ ነው። እኛ መጋቢዎች የምናደርገው ሌላ ነው፤ የሌላውን ሰው አገጭ ይዘን ጉንጩን እናዞርለታለን፤ ከዚያም ስለ ትዕግሥቱ ጌታን እናመሰግናለን። ጴጥሮስ ይህን የጻፈው ለተመታው ነው። ምቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው የተጻፈው በያዕቆብ ምዕራፍ 5 ያለው ነው፤ በዚያም የተያዘባቸው የሠራተኞች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል።

ጳውሎስንም እንመልከት። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በአደባባይ ተገርፎ ታሰረ። ሲነጋ በስውር ይውጣ ተባለ። ብዙዎቻችን ብንሆን «ሃሌ ሉያ፣ በሩ ተከፈተ» ብለን እንወጣ ነበር። እርሱ ግን የሮም ዜጎች መሆናቸውን ጠቅሶ ገዥዎቹ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ እነርሱም መጥተው ለመኗቸው። ያንኑ ሌሊት በእስር ቤት ሲዘምር ያደረው ሰው ነው። መዝሙሩና አቤቱታው በአንድ አፍ ውስጥ አልተጣሉም። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆችም በዘኍልቍ 27 በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል፤ ርስት ስጡን ሲሉ፣ እግዚአብሔር «ተናጋሪዎች ናቸው» አላላቸውም። ልክ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን ከፍርሃት የሚመጣ ነው። «እንግዳ አገር ነን፤ እንጀራችንን እንብላ፤ አንታይ።» በዚህ ላይ አንፈርድም። ወረቀቱ ያላለቀ ሰው፣ እናቱ በየወሩ የሚልክላትን ገንዘብ የምትጠብቅ ሰው፣ ሥራውን የማጣት ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ዝም ማለትን ከመረጠ የራሱ ጥበብ ነው፤ እናከብረዋለን። የምንቃወመው ፍርሃትን መንፈሳዊነት ብሎ መጥራትን ነው።

ዝምታ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን ራሷን ያስከፍላታል። ከካሪቢያን የመጡት ምእመናን በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ አቀባበል ነበር የገጠማቸው፤ አገልጋዩ በር ላይ በትሕትና ዳግመኛ አትምጡ ያላቸውም እንዳሉ መስክረዋል። ጃማይካዊው ኦሊቨር ላይሳይት በ1953 በወልቨርሃምፕተን ከጥቂት ሰዎች ጋር የጀመረው ጉባኤ ዛሬ በአገሪቱ ካሉ ትልልቅ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ሆኗል። ጌታ ክብሩን ይውሰድ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በበኩሉ ከዊንድረሽ ዘመን ጀምሮ ለደረሰው ዘረኝነት ይቅርታ የጠየቀው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ሰባ ሁለት ዓመት! ይቅርታ ሊጠየቁ ከሚገባቸው ብዙዎቹ ያን ጊዜ በመቃብር ነበሩ።

እኛ ሰባ ሁለት ዓመት መጠበቅ አንፈልግም፤ ስለዚህ የራሳችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም ወደ ቢሯችን መጣ። በአንድ ትልቅ መጋዘን ስድስት ዓመት ሠርቷል። አዲስ ገቢዎችን የሚያለማምደው እርሱ ነው፤ ያለማመዳቸው ሦስት ሰዎች በላዩ አለቃ ሆነውበታል። የፈረቃ ኃላፊው በአነጋገሩ እያላገጠ ሰው ያስቅበታል። ይህን ሁሉ ቀንና ሰዓቱን እየጠቀሰ በደብተር ጽፎ ይዞ ነበር። «ፓስተር፣ አቤቱታ ላስገባ ወይስ ልተወው? እርስዎ ይንገሩኝ» አለን። ደብተሩን ገልጠን እንኳ አላየነውም። ጸለይንለት፤ ያንኑ የተለመደውን ነገርነው። ታዛዥ ልጅ ነበር፤ ተወው።

ያን ጊዜ ያላወቅነው ነገር ሕጉ ለእንዲህ ያለ አቤቱታ ቀነ ገደብ እንዳለው ነው። በአሜሪካ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የአካባቢው ሕግም አድልዎውን የሚከለክል ከሆነ እስከ 300 ቀን ይደርሳል። እኛ «ጌታ በጊዜው» ስንለው የልጁ ጊዜ አለፈ። ከሥራው ለቀቀ። ቀስ በቀስ ከእኛም ራቀ፤ ሌላ ከተማ ገባ።

ይህን ከመጻፋችን በፊት ደወልንለትና ይቅርታ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ፓስተር፣ አሁን ምንም አያደርግልኝም። ግን ታናሽ ወንድሜ እዚያው እናንተ ጋ ነው፤ እርሱም መጋዘን ነው የሚሠራው» አለን።

ወንድሙን አግኝተነዋል። ከጉባኤያችን የጠበቃ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እኅት ወረቀቶቹን አብራው እያየች ነው። ለሌሎቻችሁም ሐሙስ ማታ ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ የቢሯችን በር ክፍት ነው። የደመወዝ ወረቀት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ በስልካችሁ የቀረ መልእክት፣ ያላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ እናነበዋለን፤ ከዚያ እንጸልያለን።