ባልየው «እሳቸው»፣ ሚስትየዋ «እሷ»

ሰሞኑን ቢጠና ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ስለ ቀዳማዊት እመቤት ዝናሽ ታያቸው የተለጠፈ ጽሑፍ ከስልኩ አነበበልን። ጠቅላይ ሚኒስትሩ «እሳቸው» ናቸው፤ ባለቤታቸው «እሷ»። ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር! ጸሐፊው ገለልተኛ ነኝ ባይ ነው። ወይ ሁለቱንም አንቱ በል፣ ወይ ሁለቱንም ተዋቸው።

ይህ ግን ትንሹ ጥፋት ነው። ወ/ሮ አዜብ መስፍን የፓርላማ አባል፣ የህወሓት ሥራ አስፈፃሚ፣ የኤፈርት መሪ ነበሩ። እኛ ግን «የመለስ ሚስት» እያልን ስለ ጠባያቸውና ስለ ልብሳቸው አወራን። ያን ሁሉ ኩባንያ ማን ይቆጣጠራል የሚለው ከባዱ ጥያቄ በሐሜቱ ተዋጠ። ህዳር 2010 ህወሓት ሲያግዳቸውም ወሬው ያው የሚስትነት ወሬ ነበር። ሐሜት እኮ ባለሥልጣንን አይጎዳም፤ ከጥያቄ ያስመልጠዋል እንጂ።

እኛ ወላይታዎች ደግሞ በሌላ በኩል አጠፋን። የቦሎሶ ሶሬው ልጅ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 2005 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ወ/ሮ ሮማን ተስፋዬ በእኛ ገጾች «ደርባባ»፣ «ትሑት» ሆኑ። ከጻፉት አንዱ እኔ ነኝ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ማህፀን በር ካንሰር ይቀሰቅሱ ነበር፤ ምርመራው የእኛ ገጠር ጤና ጣቢያ ደርሷል ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ውዳሴዬን ሳነበው አሁን አፍራለሁ። አሃዝ የሚባል የለበትም። ለሴትዮዋም ክብር አልነበረም፤ ሥራቸውን ከቁም ነገር አለመቁጠር ነበር።

«ሥልጣን የላቸውም፣ ተዉአቸው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቀዳማዊት እመቤት የሚባል ሹመት አያውቅም። ጽሕፈት ቤት ግን አለ፣ ትምህርት ቤትም ያስገነባል። ፓርላማ ቀርበው የማይጠየቁ ከሆነ ጋዜጠኛ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ? ስለ ጸጉራቸው፣ ስለ መዝሙራቸው፣ ስለ ትዳራቸው አይደለም። ገንዘቡ ከየት መጣ? ጨረታው እንዴት ወጣ? ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው ማነው? የመምህራን ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ ባየንበት ዞን ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም።

ባለቤትየው ወንድ ሲሆንስ? የሴት ሚኒስትር ባል ምን ለበሰ ብሎ የጻፈ እስካሁን አላጋጠመኝም። ካያችሁ ላኩልኝ።