ሳንቲሙ የት ገባ? ምትሃትን በቤት ውስጥ መጀመር

በመንዝ ጓሳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው የሣር ምድር፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ መካከል ቀስ እያለች ስትሄድ ትታያለች። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ይነጫሉ፤ እሷም ግልገሎቻቸውን አትነካም። የምትፈልገው አይጥ ነው። በስፍራው የሠሩ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2015 ያወጡት ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮዋ በጭላዳዎች መካከል ሆና አይጥ ለመያዝ ካደረገችው ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካላት፣ ብቻዋን ስታድን ግን የተሳካላት 25 በመቶው ብቻ ነው። ከተሰጡት ግምቶች አንዱ፣ አይጦቹ በትልልቆቹ እንስሳት መካከል እሷን ልብ አይሏትም የሚል ነው።

የምትሃት ጨዋታም በዚሁ ላይ ይቆማል። «እጅ ከዓይን ይፈጥናል» ሲባል ብንሰማም፣ ጎበዝ ምትሃተኛ አብዛኛውን ጊዜ አይቸኩልም። የተመልካቹን ዓይን ወደ አንዱ እጅ ይልክና ሥራውን በሌላኛው ይጨርሳል።

ብዙ ወላጆች ልጃቸው «ምትሃት ልማር» ሲላቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። አያት ካሉ ደግሞ ማማተባቸው አይቀርም። ምክንያት አላቸው፤ በእኛ አገር ምትሃት፣ አስማትና ጥንቆላ በአንድ ስልቻ የሚከተቱ ቃላት ናቸው። ይሁንና አመጣጣቸው ይለያያል። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ሲሆን፣ ምሥጢራዊ ስሞችን እየጠሩ ኃይልን ከመሻት ልማድ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። «ምትሃት» ግን ለዓይን ያለ መስሎ የሚታይ፣ የሌለ ነገር ነው። ልጅዎ የሚማረው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ የጣት ልምምድ፣ ትንሽ ሒሳብና ጥሩ ወሬ።

ይህን ልዩነት ማስረዳት ድሮ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር። በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ፣ በጠንቋይነት የሚከሰሱ ምስኪኖች መገደላቸው አንገብግቦት በጻፈው መጽሐፍ፣ የሳንቲምና የገመድ ጨዋታዎች እንዴት እንደሚሠሩ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። በ1920ዎቹም ዝነኛው ሃሪ ሁዲኒ «የሙታንን መንፈስ እናነጋግራለን» እያሉ ከሐዘንተኛ ገንዘብ የሚሰበስቡትን ሲያጋልጥ ኖሯል። ማታለያውን ለማወቅ ከምትሃተኛ የተሻለ ሰው አልነበረም።

በእኛም አገር ጨዋታው እንግዳ አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ተረት የነገሩት፣ በአገር ፍቅር ቴአትርም የተወኑት ተስፋዬ ሳህሉ፣ የሁላችንም አባባ ተስፋዬ፣ ከሙያዎቻቸው አንዱ ምትሃት ማሳየት ነበር። እሳቸውን ጠንቋይ ያለ ልጅ አልነበረም።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከኪስ። ለመጀመሪያው ወር ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

የሚጠፋው ሳንቲም። የአንድ ብር ሳንቲም ጠርዙን በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፍ ይያዙ፤ መዳፍዎ ወደ ላይ ይሁን። ቀኝ እጅዎን ሳንቲሙን ሊወስድ እንደመጣ አድርገው ያቅርቡት፤ አውራ ጣቱ ከሳንቲሙ በስተኋላ ይገባል፣ አራቱ ጣቶች ከፊት ይጋርዱታል። ልክ በተጋረደበት ቅጽበት የግራ አውራ ጣትዎን ላላ ያድርጉ፤ ሳንቲሙ እዚያው ግራ መዳፍዎ ላይ ይወድቃል። ቀኝ እጅዎ ባዶውን ጨብጦ ይሂድ፤ ዓይንዎም አብሮት ይሂድ። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ ግራ እጅዎን ካዩ ሁሉም ያየዋል። ግራው ዘና ብሎ ይውረድ፤ ቀኙን «እፍ» ይበሉና ይክፈቱ።

የሚዘለው ላስቲክ። የብር ማሰሪያ ላስቲክ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ያጥልቁ። ላስቲኩን በመዳፍዎ በኩል ሳብ አድርገው፣ የአራቱንም ጣቶች ጫፍ ውስጡ አስገብተው እጅዎን ይጨብጡ። ተመልካቹ ከእጅዎ ጀርባ በኩል ሁለት ጣት ብቻ እንደታሰረ ያያል። ጣቶቹ ሲዘረጉ ላስቲኩ ዘሎ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት ላይ ያርፋል። የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል።

በልብ የተያዘው ቁጥር። ልጁ አክስቱን እንዲህ ይበላቸው፦ «አንድ ቁጥር በልብዎ ይያዙ። እጥፍ ያድርጉት። 8 ይደምሩበት። ለ2 ያካፍሉት። መጀመሪያ የያዙትን ይቀንሱ። 4 ቀረዎት!» የትኛውም ቁጥር ቢያዝ መልሱ 4 ነው፤ የተያዘው ቁጥር በመጨረሻ ተቀንሶ ስለሚወጣ የሚቀረው የ8 ግማሽ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር 8ን በ10 ይተካው፤ መልሱ 5 ይሆናል። ሒሳብ የሚሸሽ ልጅ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ያገኙታል።

ልምምዱ በመስተዋት ፊት ይሁን፤ ከዚያ በስልክ ቪዲዮ ይቀረጽና ልጁ ራሱን ይመልከት። መጀመሪያ ሳንቲሙን በእውነት ወስዶ ይልመድ፤ ሐሰተኛው አወሳሰድ ያንን መምሰል አለበት። አንዱን ጨዋታ መቶ ጊዜ መሥራት መቶ ጨዋታ ከመቀያየር ይበልጣል። መብራት በሌለበት ማታ ወይም እንደ ጓሳ ባለ ብርዳማ ካምፕ እሳት ዙሪያ ሲቀመጡ፣ ሳንቲምና ላስቲክ ለአንድ ምሽት ይበቃሉ።

ቤተሰቡ ግን ከመጀመሪያው ሦስት ሕጎች ይያዝ። አንደኛ፣ አንድን ጨዋታ በዚያው ምሽት ለዚያው ሰው አይደግሙም። ሁለተኛ፣ ከተመልካች ላይ ገንዘብ አይወሰድም፣ ማንም መሳቂያ አይደረግም። ሦስተኛውና ዋናው፣ «ኃይል አለኝ» አይባልም። ታናሽ ወንድም ፈርቶ ቢያለቅስ ምሥጢሩ ወዲያው ይነገረው፤ የልጅ እንቅልፍ ከምሥጢር ይበልጣል።

ሦስተኛው ሕግ ከጨዋታ አልፎ ለኑሮም ይጠቅማል። በአውቶቡስ ተራ ሦስት ካርታ እያገለባበጡ «ቀይዋን ያየ!» የሚሉት፣ በጥቁር ወረቀት ክምር «ብር እናባዛለን» የሚሉት፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚያው በዓይን ማሳት ነው። በካርታው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ሲያሸንፍ የሚታየው ሰው የእነሱው ግብረ አበር ነው፤ የእኛን ዓይን የሚወስደው እጅ እሱ ነው። ሳንቲም መሰወር የለመደ ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ «ሌላኛው እጅ ምን እየሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ በስልክ ለሚመጣው «ሽልማት ደርሶዎታል» መልእክትም ይሠራል።

ለመነሻ የፊታችንን እሑድ ይምረጡ። ቡናው ሲፈላ ልጅዎ አንድ ጨዋታ ብቻ ያሳይ፤ ከአያት ፊት ቆሞ፣ ከመጀመሩ በፊት «እማማ፣ ይህ ጨዋታ ነው፤ ያግኙኝ እስቲ!» ይበላቸው። ካገኙት ይሳቅ፤ ካላገኙት ሁለተኛው ቡና እስኪደርስ ሳንቲሙን ሲፈልጉ ይቆዩ።