በረሃ ያልነው አገር

ሥነ ጽሑፍ ለማን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ሲያነብም ጥያቄው ይኸው ነበር። ዛሬም አልተመለሰም። እንዲያውም እኛ የሮቤ ተማሪዎች ወደ ኋላ ሳንመልሰው አልቀረንም።

ማስረጃ ከተፈለገ ግጥሞቻችንን እንቁጠር። ስለ ሳነቴ ጭጋግ፣ ስለ ቱሉ ዲምቱ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ ያልጻፈ ከመካከላችን የለም። ይህ ጥፋት አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ያ መንገድ ከጎባ ተነሥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ሳነቴን አቋርጦ፣ ሪራን አልፎ፣ በሐረና ደን ቁልቁል ወዴት ነው የሚወርደው? ወደ ደሎ መና። ስለ ደሎ መናስ ስንት መስመር ጻፍን? አንድም! ምክንያታችን አንዲት ቃል ናት፤ «በረሃ»።

ቆይ እንጂ፣ በረሃ ማለት ሰው የሌለበት ማለት ነው? እንግዲያው ዋሽተናል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ጫካ ገብቶ ቡና የሚለቅመው ማን ነው? ጀንፈሉን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተሯሯጠ የሚሰበስበው፣ ጆንያውን በጀርባው አዝሎ አይሱዙ ላይ የሚጭነው፣ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ግመሉን እየነዳ ገበያ የሚደርሰው፣ በዚያ ሐሩር እሳት አጠገብ ተቀምጣ ሻይ የምታፈላው፣ ይህ ሁሉ ሰው አይደለም ወይ?

«ታዲያ መፈክር እንጻፍ?» የሚሉን አሉ። የለም! መፈክርን ቤት እያስመቱ ግጥም ማለት የትናንት ስሕተት ነበር። የላብ አደሩን ስም በየስንኙ መጥራትም ላብ አደሩን ማወቅ አይደለም። የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ከመጻፋችን በፊት ወርደን እንይ፣ እንስማ።

ባለፈው ዕረፍት ሦስታችን ወርደን ነበር። ጀንፈል የሚያገላብጡ አንድ አባት፣

«እናንተ ልጆች፣ ሥራችሁ ምንድን ነው?» አሉን።

«ተማሪዎች ነን፤ እንጽፋለንም» አልናቸው።

«ስለ ምን?»

«ስለ አገራችን ውበት።»

«ደግ ነው» አሉና ትንሽ ዝም ብለው፣ «የቡናውን ዋጋ ማን እንደሚቆርጠውስ ጽፋችኋል?» አሉን።

መልስ አጣን። ሮቤ ላይ ጋቢያችንን ተከናንበን የምንጠጣውን የስኒ ሒሳብ አብጠርጥረን እናውቃለን፤ የለቃሚውን የቀን ሒሳብ ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም። ለካስ በረሃው ያለው እዚያ ታች አይደለም፤ እዚሁ እኛ ወረቀት ላይ ነው።

እንግዲህ ግለሂሳችን ይህ ነው። ለሚቀጥለው እትም የሳነቴ ግጥም ይቆየንና አንድ የደሎ መና የሥራ ቀን ይጻፍ። ማን ስንት ጆንያ ተሸከመ? ስንት ተከፈለው? በምን በላ? ምን አለ? ያለውም በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛው ይውጣ፤ እኛ በአማርኛ ልናሳምርለት አንችልም። ጽሑፉ ባያምር ግድ የለም፣ እናርመዋለን። ሳይሄዱ የተጻፈውን ግን ማረም አይቻልም፤ አንቀበለውም!