መልክአ አውሮፕላን

የመልክእ ድርሰት የሚደግም ሰው እንደሚያውቀው፣ የጥንቱ ደራሲ አንድን ቅዱስ ሊያመሰግን ብዕሩን ሲያነሣ «መልከ መልካም ነበር» ብሎ በአንድ ቃል አያልፍም፤ ከራስ ጠጕሩ ተነሥቶ ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ ከናፍሩን፣ ክንዱን እያከታተለ፣ ለእያንዳንዱ ሕዋስ የየራሱን ሰላምታ እየሰጠ እስከ እግሩ ጥፍር ይወርዳል። ይህን ሥርዓት ባለፈው ክረምት ያሳሰበኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ከሳሎኑ ማዕዘን ባለችው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ የአንድ ጥንታዊ ቦይንግ 720 ፎቶግራፍ በግራው ዘርግቶ፣ በቀኙ የዚያኑ አውሮፕላን ቆዳ ከአፍንጫው ጀምሮ የበሩን ጠርዝ፣ የመስኮቶቹን ረድፍ፣ የሞተሮቹን ሽፋን፣ የክንፉን ጫፍ አንድ በአንድ እያየ ይቀባ ነበር፤ ጅራቱ ዘንድ ሲደርስ ሦስት ሳምንት አልፎት እንደ ነበር እናቱ ነግራኛለች።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢያን ጥቂት ላስረዳ። በቤት ውስጥ በኮምፒውተር አውሮፕላን የማብረር ጥበብ፣ ማለትም ፍላይት ሲሙሌተር፣ ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ለአይቢኤም ኮምፒውተር ካቀረበው ወዲህ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ኤክስ ፕሌን የተባለውም እንዲሁ የራሱን ወዳጆች አፍርቷል። አብረው የሚመጡት አውሮፕላኖች ጥቂት ስለሆኑ፣ ሌሎች ሠሪዎች ተጨማሪ አውሮፕላን ያዘጋጃሉ፤ እንደ ፒኤምዲጂ ያሉት 737ንና 777ን በዋጋ ይሸጣሉ፣ እንደ ፍላይባይዋየር ያሉት ደግሞ ኤርባስ 320ን በነጻ ሰጥተዋል። በዚህ ገላ ላይ የአየር መንገዱን ቀለምና ምልክት የሚያለብሰው ሥዕል ልጆቹ «ሊቨሪ» የሚሉት ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ማንም ደመወዝ በማይከፍላቸው ሰዎች እጅ፣ ከሥራና ከትምህርት በተረፈ የሌሊት ሰዓት ይሠራል።

ብዙ ሰው ይህን ድካም የልጅ ጨዋታ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን የምስክርነት ሥራ ነው እላለሁ። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገበት ከሲ-47 ጀምሮ፣ በ1955 ዓ.ም. የጄትን ዘመን ይዘው የገቡትን 720ዎች፣ በ1976 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ተነሥቶ ከ12,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ያለ ዕረፍት አቋርጦ አዲስ አበባ የደረሰውን 767፣ በ2004 ዓ.ም. ለአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የመጣውን 787 እያለ ስንት ትውልድ አውሮፕላን አሳልፏል፤ ነገር ግን አውሮፕላን እንደ ቤተ መቅደስ ወይም እንደ ሐውልት በቦታው ቆሞ የሚኖር አይደለምና፣ ያረጃል፣ ይሸጣል፣ ቀለሙ ተፍቆ የባዕድ ቀለም ይለብሳል፣ በመጨረሻም ተቆራርጦ አሉሚኒየሙ ይቀልጣል። የሚተርፈው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉም አንዱን ጎን ብቻ፣ በአንድ ቀን ፀሐይ፣ አረንጓዴው ጠቁሮ ቢጫው ነጥቶ ያሳያል። ሠዓሊው ልጅ ያንን ከፊል ምስክር ከሌላው ከፊል ምስክር ጋር አስታርቆ ሙሉ ገላ ያወጣዋል፤ ሟቹ አውሮፕላንም ዳግመኛ በሰማይ ሲዞር፣ በቀትርም በሠርክም ብርሃን ይታያል።

ምስክር ከተባለ ግን እውነተኛ ሊሆን ይገባዋልና፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀኝ የፊደሉ ነገር ነው። የእኅቴ ልጅ ከዓመታት በፊት ፊደላችንን የማያውቅ ሰው የሠራውን አንድ ሊቨሪ አውርዶ አሳይቶኝ ነበር፤ የሀገራችን ስም በግራው ጎን ደኅና ሲነበብ፣ በቀኙ ጎን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ዞሮ፣ እያንዳንዱ ፊደልም ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አየሁት። ምክንያቱን ልጁ ሲያስረዳኝ፣ በቀድሞዎቹ ሥራዎች የኮምፒውተሩን ጉልበት ለመቆጠብ አንዱ ጎን ብቻ ይሣልና ሌላው ጎን እንደ መስተዋት ያንኑ ይመልሰው ነበር አለኝ። በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም እንዲህ ቢገለበጥ ሠሪው ወዲያው አይቶ ባረመው ነበር፤ የእኛው ፊደል ግን ለዓይኑ እንደ ሐረግ ጌጥ ያለ ነገር ስለ ሆነበት ሳያስተውለው አለፈ።

ሌላም ምሥጢር አለ። የድሮው የሥዕል ገጽ በወርዱም በቁመቱም 1,024 ነጥብ ነበረ፤ 40 ሜትር የሚጠጋውን የ737-800 ገላ በዚያ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ብትዘረጉት፣ አንዲቱ ነጥብ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ትይዛለች፤ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፊደልም ከአሥር ነጥብ አይበልጥም ማለት ነው። በአሥር ነጥብ ውስጥ ላቲኑ ኢ ወይም ቲ እንደ ምንም ይቆማል፤ ጵ ግን ምልክቱን አጥቶ ጰ ይሆናል፣ ዮ ከየ አይለይም፣ ያም እግሩ ይጠፋል። ዛሬ ገጹ 4,096 ነጥብ በደረሰበት ዘመን፣ አንዲቱ ነጥብ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ወርዳ ሳለች፣ የተሰበረ ፊደል የሚያመካኝበት ሰበብ አልቀረውም፤ ስለዚህ ፊደሉን የሚያውቁት የእኛ ልጆች ይህን ሥራ ለባዕድ ትጋት ብቻ ሊተዉት አይገባም።

ስለ ቆዳው ይህን ያህል ስናገር ሥጋውን ረስቼ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ያነሰ ጉልበት ይሰጣል፣ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል፤ የተጫነ አውሮፕላን አስፋልቱን ረጅም መንገድ እየበላ ይሄዳል። በጥንቃቄ የተሠራ ተጨማሪ አውሮፕላን ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አበሪው ልጅም ማኮብኮቢያው እያለቀ ሲመጣ መዳፉ ያልበዋል። በችኮላ የተሠራው ከጅቡቲ ባሕር ዳር እንደሚነሣ ሁሉ ከቦሌም ብድግ ይላል፤ በዚህ ዓይነቱ ገላ ላይ የሚፈስሰው ጥሩ ቀለም ያሳዝነኛል።

ደግሞ የልብ ወለዱ ቀለም አለ። አየር መንገዳችን ኤርባስ 380 ገዝቶ አያውቅም፤ ሆኖም የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለማት ለብሶ ተሠርቶ አይቻለሁ። ምኞት አይከለከልም፤ ሠሪው ልብ ወለድ መሆኑን በግልጽ ጽፎ ካላስታወቀ ግን፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሚመጣ ተመልካች ነበረ ብሎ ቢያምን ጥፋቱ የማን ይሆናል? ከዚህ የሚከብደው የምዝገባ ፊደል ነው፤ በአውሮፕላን ጅራት አጠገብ የሚጻፈው እርሱ የአውሮፕላኑ ስመ ጥምቀት ነውና። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ነፍስ ይዞ የወደቀው 737 ማክስ ምዝገባው ኢቲ-ኤቪጄ ነበር። የእኅቴ ልጅ የማክስን ሊቨሪ ሲሠራ ሌሎቹን ምዝገባዎች በየተራቸው ጽፎ ያችን ዘለላት፤ ለምን እንደ ሆነ ስጠይቀው «ማን ይጫወትበታል?» ብቻ አለኝ። እኔም በዚህ አሳቡ እስማማለሁ፤ የእነዚያ ሰዎች ቤተ ሰቦች ገና በሐዘን ላይ ናቸውና።

በብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው ይመዘገባል፤ የሰረቀውና የፋቀውም ይወገዛል። እነዚህ ልጆች ከሥዕላቸው ጋር በሚያስቀምጧት አጭር ጽሑፍ የገላውን ሠሪ፣ የመነሻ ንድፉን ሰጪ፣ ፎቶግራፉን ያነሣውን ሰው አመስግነው ሥራው ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ ሲለምኑ ሳነብ፣ ያው የጸሐፊ ወግ ሆኖ ይሰማኛል። የጎደላቸው መነሻ ነው፤ መነሻውም በእኛ እጅ ነው። ጡረታ የወጡ አብራሪዎች፣ አስተናጋጆችና መካኒኮች በየቤታቸው አልበም ውስጥ በአውሮፕላን ደረጃ ላይ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ሞልቷል፤ ከፈገግታቸው ኋላ ያለው የገላው ቀለም እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀው ሰነድ ነው። አየር መንገዱም የየዘመኑን የቀለም ንድፍ ከመዝገብ ቤቱ አውጥቶ ለእነዚህ ትጉሃን ቢያሳያቸው፣ ወጪው ትንሽ ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኅቴ ቤት አጥር ተሻግረው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በአውሮፕላን ጥገና ያገለገሉ ናቸውና፣ ልጁ 720ውን እንዲያዩለት ጋበዛቸው። ወንበር ሲቀርብላቸው አልተቀመጡም፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ ኮምፒውተሩ መስተዋት ተጠጉ፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ቀስ ብለው በዓይናቸው ከሄዱ በኋላ በጎኑ የሚያልፈውን መስመር በሌባ ጣታቸው ነኩት።

«ልጄ፣ ቢጫው ሰፍቶብሃል።»

«በፎቶው እንደዚህ ነው እኮ አባባ።»

«ፎቶው ፀሐይ መትቶት ነው። እኔ በዚህ እጄ አጥቤዋለሁ።»

ልጁ ፎቶውን ዘጋና መስመሩን በሁለት ነጥብ አጠበበው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ነጥብ ደግሞ አስቀነሱት፤ ከዚያም ወንበሩን ራሳቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡና «እስቲ አሁን ቀኝ ጎኑን አዙርልኝ» አሉት።