የድረ ገጽ ሀሁ ለባለሱቅና ለባለታክሲ

በኮልፋክስ ጎዳና ከካፒቶል ሂል እስከ አውሮራ የንግድ ፈቃዱን በሌላ ሰው ስም የሚያወጣ ባለሱቅ አይገኝም። ወደ ድረ ገጽ ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን «እሱን ልጆቹ ያውቁታል» ብለን ስሙንም ቁልፉንም ለሌላ አሳልፈን እንሰጣለን።

እኔ ይህን ሙያ ገና በመማር ላይ ነኝ፤ መነሻው ግን እንደሚፈራው አይደለም። ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. የሚባለው ቋንቋ ጽሑፉን በምልክት እየከፈቱና እየዘጉ «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው» ማለት ነው። ድሩም የማንም ርስት አይደለም፤ የጄኔቫው የምርምር ማዕከል ሰርን እ.ኤ.አ. በ1993 ለሁሉም በነጻ ለቆታል።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ የሱቃችንን ስም፣ አድራሻና የሥራ ሰዓት በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ እንችላለን። የምግብ ዝርዝሩ በፎቶ ብቻ ከተለጠፈ ግን ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ሠሪውን መጥራት ሊኖርብን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኒየን ታክሲን በኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋሙት የዴንቨር አሽከርካሪዎች ለኩባንያ ኪራይ ከመክፈል የራሳቸውን መያዝ መረጡ። ድረ ገጽም እንደዚያው ነው። ባለሙያ መቅጠር ነውር የለውም፤ ነገር ግን የድረ ገጹ ስም በስማችሁ ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉ በእጃችሁ ይሁን፣ ዋጋና ሰዓት መለወጡንም ልመዱት። ሠሪው አገር ሲለቅ ደንበኛችሁ አብሮ መጥፋት የለበትም።